ማዕበል የበላው የሐይቅ ዳር፦ ግንቡን ይተዉት

የደረሰው ጥያቄ ይህ ነው፦ «የምኖረው ጅማ ከተማ ነው። የአባቴ ይዞታ ግን ኦሞ ናዳ ወረዳ፣ ግልገል ጊቤ ሐይቅ ዳር ነው። መስከረም መጨረሻ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ንፋስና ዝናብ ሲወርድ አድሮ፣ 40 ሜትር ርዝመት ያለው ዳር ሦስት ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገብቶ ተናደ። አሁን ዳሩ ቀጥ ያለ ገደል ሆኗል፤ ቁመቱ 2.20 ሜትር ነው። ውሃው ሙሉ ሲሆን የገደሉ ግርጌ ላይ እስከ ጉልበት ይደርሳል። ከጫፉ እስከ ቤቱ 11 ሜትር ቀርቷል። ዳሩ ላይ ስድስት ባህር ዛፎች አሉ፣ አንዱ አዘንብሏል። ለጊዜው ማዳበሪያ ውስጥ አፈር ሞልተን ደርድረናል። ያሰብኩት በአወቱ ወንዝ ዳር እንዳለው ዓይነት በሲሚንቶ የታሰረ የድንጋይ ግንብ አቁሜ፣ ከኋላው አፈር ሞልቼ የሄደውን ሦስት ሜትር ለማስመለስ ነው። የግንቡ ውፍረትና የመሠረቱ ጥልቀት ስንት ይሁን? ወይስ ቬቲቨር ሳር ብቻ ይበቃል?»

ግንቡን አይሥሩ። ቬቲቨር ብቻውን አይበቃም። የሄደው ሦስት ሜትርም ሄዷል፤ እንዲያውም ቀሪውን ለማዳን ከላይ አምስት ሜትር ያህል ራስዎ ቆርጠው ማስተኛት ይኖርብዎታል። ይህን መጀመሪያ የሰማ ሰው አይወደውም፤ መሬት ሊያድን መጥቶ መሬት ቁረጥ ይባላል። ምክንያቱን ላስረዳ።

ግልገል ጊቤ የተፈጥሮ ሐይቅ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የ184 ሜጋ ዋት ማመንጫ የሚጠቀምበት የተገደበ ውሃ ነው፤ ከተርባይኑ የወጣውም ውሃ እንደገና 26 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ዋሻ ሄዶ ጊቤ ሁለትን ያንቀሳቅሳል። ስለዚህ የውሃው ከፍታ የሚወሰነው በዝናቡም በማመንጫውም ነው። ክረምቱን እየሞላ ሄዶ በመስከረምና በጥቅምት ጣራው ላይ ይደርሳል፣ በጋውን ሙሉ እየወረደ ከግንቦት በፊት ሰፊ ጭቃማ ሜዳ አጋልጦ ይሄዳል። የሚያዝያ ንፋስ የመስከረሙን ያህል ቢበረታም ሞገዱ የሚፈርሰው ከዳሩ ርቆ፣ ለጥ ባለው ሜዳ ላይ ነው። መስከረም ላይ ግን ውሃው የገደሉን ግርጌ ስለሚነካ ያው ንፋስ በቀጥታ አፈሩን ይመታል። ዳርዎ በዓመት ውስጥ የሚጠቃው ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው ማለት ነው። ለመሥራትም የሚመቸው በቀሪዎቹ ወራት ነው።

ሞገዱ ዳሩን ከላይ አልመታውም። ግርጌውን ነው የቦረቦረው። አሁን ከጎን ሆነው ቢያዩት፣ ከላይ የሳሩ ሥር እንደ ጥልፍ ዘርፍ ተንጠልጥሎ፣ ከሥሩ ደግሞ ክንድ የሚያስገባ ጎድጓዳ ቦታ ያገኛሉ። የላይኛው አፈር በዝናብ ርሶ ከብዶ ነበር፤ ከታች የሚደግፈው ሲሄድ በራሱ ክብደት ቁራጭ ቁራጭ ሆኖ ወደቀ። የወደቀውን ቁራጭ ሞገዱ በሁለትና በሦስት ቀን ያጥበዋል፤ ግርጌው እንደገና ይራቆትና ዙሩ ይጀመራል። ሁለተኛው ኃይል ከአፈሩ ውስጥ የሚመጣ ነው። ሐይቁ ከፍ ብሎ ሲቆይ ዳሩ ውሃ ይጠጣል። ሐይቁ ቶሎ ሲወርድ ግን አፈሩ የጠጣውን በዚያው ፍጥነት አይለቅም። ከፊት ሆኖ ሲደግፈው የነበረው ውሃ ሄዷል፣ ውስጥ የታሰረው ደግሞ ወደ ውጭ ይገፋል። ንፋስ በሌለበት በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ጠዋት ዳሩ ተንዶ ቢገኝ የዚህ ሥራ ነው እንጂ የማንም ተንኮል አይደለም።

አሁን ወደ ግንቡ። ቀጥ ያለ ግንብ የሞገዱን ጉልበት አያጠፋውም፣ ይመልሰዋል። ሄዶ የተመለሰው ሞገድ ከሚመጣው ጋር ሲጋጭ ግንቡ ሥር ያለውን አፈር ቆፍሮ ያወጣል፤ ቁፋሮው በልኩ የሞገዱን ቁመት ያህል ሊጠልቅ ይችላል። መሠረቱ ሲጋለጥ ግንቡ ወደ ውሃው ያጎነብሳል፣ ሲሚንቶ ደግሞ መታጠፍ ስለማይችል ይሰነጠቃል። ከኋላ ያለውም ነገር አለ፤ ሐይቁ ወርዶ ከግንቡ ጀርባ ሁለት ሜትር ውሃ ታስሮ ቢቀር በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት ላይ ሁለት ቶን ያህል ይገፋል፤ የአፈሩ ግፊት ሳይቆጠር። ማስተንፈሻ ቱቦ ይደረግበታል ይባል ይሆናል። ቱቦው ከኋላው ማጣሪያ ከሌለው በሁለት ክረምት ይደፈናል፣ ወይም ደግሞ አፈሩን ራሱን እያስወጣ ከግንቡ ጀርባ ጉድጓድ ይፈጥራል። የግንቡ ሁለት ጫፎች ላይ የሚታጠፈው ሞገድም የጎረቤትን ዳር መብላት ይጀምራል፤ ይህ በኋላ ሽማግሌ የሚያስቀምጥ ነገር ነው። የአወቱ ግንብ ምሳሌ አይሆንም። የወንዝ ውሃ በግንቡ ጎን ታክኮ ያልፋል፤ የሐይቅ ሞገድ ግን በየሁለት ሰከንዱ ፊት ለፊት ይመታል።

ማዳበሪያዎቹ ለጊዜው ችግር የላቸውም፣ ግን እንደ ሥራ አይቁጠሯቸው። ፀሐይ የላስቲኩን ክር ታደርቀዋለች፤ ዓመት ሳይሞላ በጣት ይቀደዳል። አፈር የሞላ ማዳበሪያ ደግሞ አንዴ ከተቀደደ ባዶ ነው። የፈረሰ ብሎኬት፣ የቤት ፍርስራሽና አሮጌ ጎማ ለመድፋት የሚያስቡም አሉ። ብሎኬት ቀላል ስለሆነ ሞገድ ያንከባልለዋል፣ ጎማንም ያንቀሳቅሰዋል፣ ሁለቱም አፈሩን ከሥራቸው አያስቀሩም።

ቬቲቨር ጥሩ ሣር ነው። ወደ አገራችን ሲገባ መጀመሪያ የተተከለውም እዚሁ ጅማ፣ የግብርና ምርምር ማዕከሉ ጋ ነው፤ ከእኛ የበለጠ የሚያውቀው የለም ብንል አይበዛም። ሥሩ ቀጥ ብሎ ሁለትና ሦስት ሜትር ይወርዳል፣ ከተጠናከረ በኋላ ውሃ ውስጥ ለሳምንታት ቆሞ መልሶ ይለመልማል። ነገር ግን በሐምሌ የተተከለ ችግኝ በመስከረም የሁለት ወር ልጅ ነው። የግማሽ ሜትር ሞገድ ሲደበድበው ከነአፈሩ ይነቀላል። ቀጥ ያለ ገደል ላይ ደግሞ ምን ላይ ይተከላል? የሣሩ ቦታ ሞገድ ከማይደርስበት በላይ፣ በተስተካከለ ተዳፋት ላይ ነው። ከዚያ በታች ያለው የድንጋይ ድርሻ ነው።

ባህር ዛፎቹን ይቁረጡ፣ ስድስቱንም። «ሥሩ አፈር ይይዛል» የሚለው ለቁጥቋጦ እውነት ነው። ገደል ጫፍ ላይ የቆመ ረጅም ባህር ዛፍ ግን በንፋስ ጊዜ እንደ ዲጂኖ ዳሩን ይፈነቅላል፤ ሲወድቅም የጋሪ ጭነት የሚሆን አፈር ከሥሩ ጋር ይዞ ይሄዳል። ያዘነበለው ዛሬ ነገ ሳይባል ይቆረጥ። ሥራቸውን ግን አይንቀሉ፤ ጉቶው ይቅር፣ የሚያቆጠቁጠውን በየጊዜው እየመለመሉ ዝቅ አድርገው ይያዙት።

የምመክረው አንድ ነው፦ ገደሉን ወደ ተዳፋት አስተኝተው፣ የታችኛውን ክፍል በማጣሪያ ላይ በተነጠፈ ልቅ ድንጋይ ማልበስ፣ ግርጌውን በድንጋይ በተሞላ ቦይ ማሰር፣ የላይኛውን በቬቲቨር መሸፈን። ልቅ ድንጋይ ሲባል ያለ ሲሚንቶ ማለት ነው። ሞገዱ በድንጋዮቹ ክፍተት እየገባ ጉልበቱን ይጨርሳል፣ ከኋላ ያለው ውሃም በዚያው ይወጣል። ግርጌው ትንሽ ቢቆፈርም ድንጋዩ ወርዶ ጉድጓዱን ራሱ ይሞላዋል። በሲሚንቶ «ላጠናክረው» የሚል ግንበኛ ይመጣብዎታል፤ እሺ አይበሉት።

ልኩን እንመልከት። ከዳርዎ ፊት ያለው ክፍት ውሃ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ሜትር ከሆነ፣ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሮጥ ንፋስ ግማሽ ሜትር ወይም ትንሽ የሚበልጥ ሞገድ ያነሳል። ለዚህ የሚበቃው ድንጋይ አማካይ ውፍረቱ 25 ሳንቲ ሜትር የሆነ ነው፤ ክብደቱ 40 ኪሎ አካባቢ፣ አንድ ጎበዝ ሰው አንስቶ የሚያስቀምጠው። ትንሹ ከ15 ሳንቲ ሜትር አይነስ፣ ትልቁ 35 ይድረስ። ሁሉም እኩል እንዲሆኑ አይፈልጉ፤ ትንንሾቹ የትልልቆቹን ክፍተት ይሞላሉና መደባለቃቸው ጥሩ ነው። የንጣፉ ውፍረት 50 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ፊት ለፊትዎ ያለው ውሃ ከአንድ ኪሎ ሜትር የማይበልጥ ባሕረ ሰላጤ ከሆነ 15 ሳንቲ ሜትር አማካይ ድንጋይ በ30 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይበቃል፣ ወጪውም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ ድንጋይ ከማዘዝዎ በፊት ንፋሱ በሚመጣበት አቅጣጫ ውሃው ምን ያህል እንደሚርቅ በስልክ ካርታ ይለኩ።

ድንጋዩ ጥቁር፣ ጠንካራና ማዕዘን ያለው የካባ ድንጋይ ይሁን። በመዶሻ ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጠውን ይውሰዱ። ድፍን ድምፅ የሚሰጠው፣ ቡኒ ቅርፊት ያለው፣ በጥፍር የሚፋቀው የበሰበሰ ነው፤ ውሃና ፀሐይ ሲፈራረቁበት በጥቂት ዓመት ጠጠር ይሆናል። የወንዝ ድቡልቡል ድንጋይም አይሆንም፣ ተዳፋት ላይ ይንከባለላል። የካባው ሰው የመጀመሪያውን መኪና ጥሩ አድርጎ ሦስተኛው ላይ አፈር ሊደባልቅበት ይችላል። እያንዳንዱ ሲራገፍ ቆመው ይዩ።

ድንጋዩ እስከ ምን ከፍታ ይድረስ? ውሃው ሙሉ ሲሆን ግርጌው ላይ እስከ ጉልበት ይደርሳል ብለዋል፤ 50 ሳንቲ ሜትር እንበለው። ሞገዱ በድንጋዩ ላይ የሚወጣበትን 80 ሳንቲ ሜትር ሲጨምሩበት 1.30 ሜትር ይሆናል። የታችኛው 1.30 ሜትር በ1 ለ 2.5 ይተኛል፤ አንድ ሜትር ሽቅብ ሲሄዱ ሁለት ሜትር ተኩል ወደ ውስጥ ማለት ነው። የላይኛው 90 ሳንቲ ሜትር በ1 ለ 2 ይሆናል። ሲደመር የዳሩ ጫፍ አምስት ሜትር ያፈገፍግና ከቤቱ ጋር ስድስት ሜትር ይቀራል። ይህ ልክ ለቀይ አፈር ነው። ዳርዎ መረሬ፣ በኦሮምኛ ኮትቻ የሚባለው ጥቁር አፈር ከሆነ በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ ክረምት ላይ ያብጣል፣ እርጥብ ሲሆንም ጉልበት የለውም። እዚያ ከ1 ለ 3 የበለጠ ቀጥ ያለ ተዳፋት አይሞከርም፣ የቤቱም ርቀት ያንኑ ያህል ይጠባል።

ለ40 ሜትር የሚያስፈልገውን ላስላ። የተዳፋቱ ድንጋይ የሚለበሰው ርዝመት 3.5 ሜትር ነው፤ በ50 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ለአንድ ሜትር ዳር 1.75 ሜትር ኩብ። የግርጌው ቦይ አንድ ሜትር ስፋትና 80 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ሲኖረው 0.8 ሜትር ኩብ ይጨምራል። ለ40 ሜትር 102 ይመጣል፣ ብክነት ታክሎበት 112 ሜትር ኩብ ይዘዙ፤ በሲኖትራክ ሰባት ምልልስ ገደማ። የሚቆረጠው አፈር ወደ 320 ሜትር ኩብ ይጠጋል። በእጅ ከሆነ አንድ ሰው በቀን ሁለት ሜትር ኩብ ተኩል ቢቆፍርና ቢያጓጉዝ ለአሥር ሰው የ13 ቀን ሥራ ነው፤ ኤክስካቫተር መግቢያ መንገድ ካለው በሁለት ሦስት ቀን ይጨርሰዋል። ነገር ግን ማሽኑ ገደሉ ጫፍ ላይ አይቁም። ቢያንስ ሦስት ሜትር ርቆ ክንዱን ይዘርጋ።

ብዙ ሰው ገንዘብ ለመቆጠብ የሚዘለው ማጣሪያውን ነው። አብዛኛው የድንጋይ ልባስ የሚፈርሰውም በዚህ ምክንያት ነው እንጂ በድንጋይ ማነስ አይደለም። ድንጋይ በቀጥታ አፈር ላይ ቢነጠፍ ሞገዱ በተመለሰ ቁጥር በክፍተቶቹ በኩል አፈሩን እየጠባ ያወጣዋል። ከላይ ሲያዩት ድንጋዩ ደህና ነው፤ ከሥሩ ግን ባዶ ይሆንና አንድ ቀን ይሰምጣል። በቤት ማሠሪያው 02 ጠጠር ብቻውን ለዚህ አይሆንም፣ የቀይ አፈር ደቃቅ በቀላሉ ያልፈዋል። ወይ ሁለት ንብርብር ያድርጉ፦ ከታች 10 ሳንቲ ሜትር ሻካራ አሸዋ፣ ከላዩ 15 ሳንቲ ሜትር ጠጠር። ወይ ደግሞ ያልተሸመነ፣ እንደ ወፍራም ብርድ ልብስ ያለ ጂኦቴክስታይል ይግዙ፤ በካሬ ሜትር ከ200 እስከ 300 ግራም የሚመዝን። ለእርስዎ ዳር 250 ካሬ ይበቃል። እኔ ጂኦቴክስታይሉን እመርጣለሁ። አሸዋን ተዳፋት ላይ በእኩል ውፍረት ማስተኛት የሚችል ቀን ሠራተኛ ማግኘት ከባድ ነው፣ አንድ ዝናብ ከመጣም ሥራው ከዜሮ ይጀምራል። ጨርቁ ከላይ ወደ ታች ይዘርጋ፣ ጥቅልሎቹ 50 ሳንቲ ሜትር ይደራረቡ፣ የላይኛው ጠርዝ 40 ሳንቲ ሜትር በሚጠልቅ ቦይ ይቀበር፣ የታችኛው የግርጌውን ቦይ ወለል ያልብስ። በላዩ 10 ሳንቲ ሜትር ጠጠር ያልብሱት፤ ወደ 20 ሜትር ኩብ ይፈጃል። ድንጋዩ ከጉልበት በላይ ከሆነ ከፍታ አይጣልበት፤ ጨርቁ ይቀደዳል፣ የተቀደደበት ቦታ ደግሞ ካልተነጠፈበት አይሻልም። ላስቲክ ሸራ በጨርቁ ፋንታ የሚያነጥፍ ካለ ያስቁሙት። ሸራ ውሃውን ስለሚያስር ተዳፋቱን ሙሉ ያንሸራትተዋል።

የሥራው ቅደም ተከተል የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው። ቀጥ ብሎ በቆመ ገደል ሥር ማንም ጎንበስ ብሎ የግርጌ ቦይ አይቆፍር። መጀመሪያ ከላይ ይቆረጣል፣ ተዳፋቱ ይስተካከላል፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ግርጌው የሚወረደው። ቦዩም በአንድ ጊዜ 40 ሜትር አይከፈትም፤ አምስት ሜትር ቆፍረው፣ ጨርቅ አልብሰው፣ ድንጋይ ሞልተው ወደሚቀጥለው ይሂዱ። ተዳፋቱን ለመለካት የእንጨት ሦስት ማዕዘን ያሠሩ፤ ቋሚው 40 ሳንቲ ሜትር፣ አግዳሚው አንድ ሜትር። አግዳሚው ላይ ውሃ ልክ ያስቀምጡና ቋሚው ወደ ታች ሆኖ ተዳፋቱ ላይ ያሳርፉት። ሠራተኛው በዓይኑ የሚያስተካክለው ሁልጊዜ ከሚፈለገው በላይ ቀጥ ያለ ይወጣል። የተቆረጠው አፈር ወደ ሐይቁ አይጣል፣ ጫፉ ላይም አይቆለል። ማሳ ላይ ይበተን፣ ከፊሉ ደግሞ ከቤቱ በላይ ለጎርፍ መቀልበሻ እርከን ይሁን።

ሁለቱ ጫፎች አይረሱ። ልባሱ ጉዳቱ ባለቀበት ላይ እንዲሁ ከተቋረጠ ሞገዱ ከጎን ገብቶ ከኋላው ያፈርሰዋል። በሁለቱም በኩል ድንጋዩን ወደ ዳሩ ውስጥ ሁለት ሜትር አስገብተው ይቅበሩት። ለዚህ የሚሆነው ድንጋይ ከላይ ካሰላሁት ውጭ ነው፤ ሌላ ግማሽ መኪና ይያዙለት።

ጋቢዮን፣ ማለትም በድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሳጥን፣ ለምን አይሆንም ይሉ ይሆናል። 25 ሳንቲ ሜትር ድንጋይ ካልተገኘና ያለው ከ10 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከሆነ፣ 30 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጠፍጣፋ ጋቢዮን በተዳፋቱ ላይ ማንጠፍ ይቻላል፤ ማጣሪያው ግን እዚያም አይቀርም። እንደ ሳጥን ተደራርቦ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ጋቢዮን ግን ያው ግንብ ነው። ሽቦው ሞገድ በሚያንቀሳቅሰው ድንጋይ እየተፋተገ ሽፋኑ ይላጥና ይዝጋል፣ አንድ ቦታ ሲበጠስ ሆዱ ይዘረገፋል።

ከላይ የሚመጣው ውሃ ከሐይቁ ያልተናነሰ ጠላት ነው። ጅማ አካባቢ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ያህል ይዘንባል። 60 ካሬ የሆነ የቆርቆሮ ጣራ ከዚህ 90 ሜትር ኩብ ውሃ ይሰበስባል፤ አሸንዳው ወደ ሐይቁ ከዞረ ያ ሁሉ በአንድ ነጥብ ዳሩን ያርሰዋል። አሸንዳውን ወደ ሌላው ጎን ያዙሩ ወይም በርሜልና ሮቶ ላይ ያስገቡ። ከቤቱ በላይ በኩል 40 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው መቀልበሻ ቦይ ይቆፈር፤ በየ10 ሜትሩ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እያለ ወደ ጎን፣ ሳር ወደያዘ ቦታ ይውጣ። ቦዩ በጫፉና በቤቱ መካከል አይሁን። ውሃ የሚቋጥር ቦይ ከገደል አጠገብ ካለ ምንም ባይኖር ይሻላል። የመጸዳጃ ጉድጓድና የልብስ ማጠቢያ ውሃም ከጫፉ እስከ ቤቱ ባለው ስድስት ሜትር ውስጥ አይሁን።

ቬቲቨሩ የሚተከለው በሰኔ ሁለተኛ ሳምንትና በሐምሌ መካከል ነው። ከቁጥቋጦው ሦስት ሦስት ግንድ እየከፈሉ፣ ቅጠሉን 20 ሳንቲ ሜትር፣ ሥሩን 10 ሳንቲ ሜትር ላይ ቆርጠው፣ በአንድ ሜትር ስምንት ችግኝ ይትከሉ። መስመሩ የግድ ከዳሩ ጋር ትይዩ፣ ዝንፍ ሳይል እኩል ከፍታ ላይ ይሁን። አራት መስመር ይበቃል፦ አንዱ የድንጋዩ የላይኛው ጠርዝ ላይ፣ አንዱ መሃል ተዳፋቱ ላይ፣ አንዱ ጫፉ ላይ፣ አራተኛው ከጫፉ አንድ ሜትር ወደ ቤቱ ገባ ብሎ። የሞተውን ለመተካት ጭምር 1,500 ችግኝ ያዘጋጁ። በመስመሮቹ መካከል ደሾ ሣር ወይም የአካባቢው ሰርዶ ይያዝ። ከብት ለአንድ ዓመት አይግባበት። ከብቶቹ ውሃ መውረዳቸው የማይቀር ከሆነ ሦስት ሜትር ስፋት ያለው አንድ መውረጃ ለይተው ድንጋይ ያንጥፉለት፤ ሌላው ሁሉ ይታጠር። ጉማሬ የሚወጣበት ዱካ ካለም አጥሩን በእሱ ላይ አይሥሩ፤ ያፈርሰዋል፣ ሠራተኞችም ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ከውሃው ጠርዝ ይራቁ።

ስለዚህ አሁን፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ፣ ግንባታ የለም። ዛፍ ይቆረጥ፣ አሸንዳ ይዙር፣ ከጫፉ ሦስት ሜትር ውስጥ ሰውም ከብትም እንዳይደርስ ይታጠር። መሬቱ ላይ ከዳሩ ጋር ትይዩ የሆነ ስንጥቅ ካለ ዝናብ እንዳይገባበት በጭቃ ጠቅጥቀው ይድፈኑት፤ በሁለቱ ወገን ችካል ተክለው ርቀቱን በየሳምንቱ በሜትር ይለኩ፣ ይጻፉት። ውሃው ከግርጌው ከወጣ በኋላ አፈሩ እንዲጠነፍፍ ሦስት ሳምንት ይስጡት፤ ቁፋሮው በጥርና በየካቲት፣ ድንጋዩ እስከ መጋቢት መጨረሻ ያልቃል። የሚያዝያ ዝናብ ክፍት ቦይ ላይ ከደረሰ ሥራውም ይበላሻል፣ የቆመው ውሃም ወባ ያረባል።

ፈቃድ ያስፈልጋል። በአዋጅ ቁጥር 197/1992 መሠረት ውሃው የሕዝብና የመንግሥት ሀብት ነው፣ በውኃ አካል ላይ ግንባታ ያለ ፈቃድ አይሠራም። ውሃን ወደኋላ ገፍቶ መሬት መሙላት የማይፈቀድበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው። ከወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት የይዞታውን ወሰን፣ ከግድቡ አስተዳደር ደግሞ የውሃውን ከፍተኛ ልክ ይጠይቁ። ይህን ልክ ማወቅ ለሥራውም ይጠቅማል፤ «እስከ ጉልበት» ያሉት የዘንድሮው ብቻ ሊሆን ይችላል፣ ሐይቁ ከዚያ በላይ የሚሞላበት ዓመት ካለ የድንጋዩ ጫፍ በዚያው ልክ ከፍ ይላል።

ይህ መፍትሔ የማይሠራበት ሁኔታም አለ። ስንጥቁ ከጫፉ ከሦስት ሜትር በላይ ርቆ ከወጣ፣ መሬቱ በስንጥቁ በኩል ደረጃ ሠርቶ ዝቅ ካለ፣ ወይም ከግርጌው ፊት ለፊት ጭቃው ካበጠ፣ የሚንሸራተተው ገጽታው ሳይሆን ሙሉው አካል ነው። ያን ጊዜ ድንጋይ መጫን ክብደት መጨመር ነው፤ አፈሩን የሚመረምር የጂኦቴክኒክ መሐንዲስ ካላየው አንድ መኪና እንዳያራግፉ። በችካሎቹ መካከል ያለው ርቀት በሳምንት አንድ ሳንቲ ሜትር እንኳ እየሰፋ ከሆነ አባትዎ መኝታቸውን በሐይቁ ወገን ካለው ክፍል ዛሬውኑ ያንሱ።

ሥራው ካለቀ በኋላ ውሃው ሞልቶ በሚቆይባቸው ሳምንታት፣ ከእያንዳንዱ ከባድ ንፋስ ማግስት ዳሩን ይዙሩ። ከድንጋዮቹ መካከል የሚወጣው ውሃ ጥርት ያለ ከሆነ ማጣሪያው ሠርቷል። ቀይ ሆኖ ከወጣ እዚያ ቦታ ላይ ጨርቁ ተቀዷል ወይም መደራረቡ ተከፍቷል፤ በበጋ ያንን ሁለት ሜትር ብቻ ገልጠው ይጠግኑ። የሰመጠ ቦታ ላይ የሚጨመር አምስት ሜትር ኩብ ድንጋይ ከጓሮ ተቆልሎ ይቆይ፤ ለመስከረም ሲኖትራክ ጭቃውን አልፎ ላይገባ ይችላል።